የአይጥ ማባረሪያው መሣሪያ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ፒክአፔ ከኮምቦልቻ የምትወጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ለባቲ ገበያ ነው። ስድስቱን ቀን ከማሽላው ጆንያ አጠገብ ዛኒጋባ ሥር ትቆማለች። ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰኞ ማለዳ አልነሳም አለች። ኮፈኑን ስከፍት ገመዶቹ ተበጣጥሰዋል፤ ከባትሪው ጀርባ ከገለባ የተሠራ ጎጆ ተቀምጧል። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ ሳትከረትፍ አትኖርም፤ ግን የእኔን ገመድ ምን አስመረጣት?

ከጥገናው በኋላ ከመኪናው ባትሪ ጋር የሚገናኝ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚያወጣና መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል መሣሪያ ገዛሁ። ሻጩ «ሁሉም ደንበኛ አመስግኗል» አለኝ፤ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ። እውነቱን ለመናገር ባትሪዬን አንድም ቀን አላወረደብኝም።

ኅዳር በሰላም አለፈ። ታኅሣሥ ላይ አዲሱ ማሽላ ሲገባ የአይጥ ኩስ መታየት ጀመረ፤ ያውም ከመሣሪያው አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ከባትሪው ጀርባ። ከ20,000 ኸርዝ በላይ የሆነ ድምፅ ቶሎ ይደክማል፣ ጠንካራ ነገርም ይጋርደዋል፤ አይጥም ይለምደዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን የሚሠሩና የሚሸጡ ከ60 በላይ ድርጅቶችን፣ ለሚናገሩት ነገር ሳይንሳዊ ማስረጃ ሊኖራቸው እንደሚገባ አስጠንቅቆ ነበር። ይህንን ያነበብሁት ገንዘቡን ከከፈልሁ በኋላ ነው።

ጥር ላይ ጆንያዎቹን ወደ ሌላ ክፍል ወስጄ ቆጥ ላይ ሰቀልኋቸው። የመኪናዋን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳው ከ6 ሚሊሜትር በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ሸፈንሁ፤ ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ታልፋለችና። ኩሱን በደረቁ አልጠረግሁም፤ አቧራው በሽታ ስለሚያመጣ በውሃ በቀጠነ በረኪና አርሼ አነሣሁት። የሽንቷ ሽታም ሌሎቹን ይጠራል። መርዝ አልነካሁም፤ የጎረቤቴ የእትዬ ድመት የሞተች አይጥ ከበላች ምን ፊት ይዤ ቡና እጠጣለሁ?

ማታ ማታ ደግሞ ኮፈኑን ከፍቼ ማሳደር ጀመርሁ፤ አይጥ ገላጣና ነፋስ የሚገባበት ቦታ ጎጆ መሥራት አትወድም። እስከ ሰኔ አንድም ገመድ አልተቆረጠም። ማመስገኑን ለመሣሪያው ልሰጥ ስል መመሪያውን እንደገና አነበብሁት፤ ለሰው ደኅንነት ሲባል ኮፈኑ ሲከፈት ራሱን ያጠፋል። ለካ ከጥር ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ኖሯል።