ለግዙፍ ባለብዙ ዳይሜንሽን ዳታ የትኛው ኢንዴክስ? ዛፍ፣ ቢትማፕ ወይስ ቸንክ

ቢሊዮን ረድፍ ላለው የሲሙሌሽን ወይም የምልከታ ዳታ ኢንዴክስ (ሙሉውን ዳታ ሳያነቡ የሚፈለገውን ማግኛ ማውጫ) የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የራሱን ጥያቄ ይመርምር። «በዚህ ክልል ውስጥ ምን አለ?» ከሆነ ቦታን፣ «ሙቀቱ ከ1000 በላይ ግፊቱም ከ5 በታች የሆነው የትኛው ነው?» ከሆነ ዋጋን እየፈለገ ነው።

ቦታ ለሚፈልግ አር-ትሪ (ቅርብ ለቅርብ ያሉ መዝገቦችን በሳጥን እየሰበሰበ ሳጥኖቹን የሚያደራጅ ዛፍ) በ2 እና በ3 ዳይሜንሽን አስተማማኝ ነው። መዝገቦቹን አንድ በአንድ ማስገባት ግን ሳጥኖቹን ያደራርባል፤ ያኔ አንድ ፍለጋ ብዙ ቅርንጫፍ ይወርዳል። ስለዚህ ዳታው አስቀድሞ ተደርድሮ በአንድ ጊዜ ይጫን። ኬዲ-ትሪ (ቦታውን በየዳይሜንሽኑ በተራ ለሁለት የሚከፍል ዛፍ) ሚሞሪ ውስጥ ላሉ ነጥቦች፣ በተለይ የቅርብ ጎረቤት ለመፈለግ ጥሩ ነው። ዳይሜንሽኑ ወደ 10 ሲጠጋ ሁለቱም ይደክማሉ፤ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ዳታ በተራ ማንበብ ይቀድማቸዋል።

ዋጋ ለሚፈልግ፣ ዳታውም አንዴ ተጽፎ የማይቀየር ከሆነ፣ ምርጫችን ቢትማፕ ነው፤ የዓምዱን ዋጋዎች በክፍሎች መድቦ፣ እያንዳንዱ ረድፍ በክፍሉ ውስጥ መሆን አለመሆኑን በአንድ ቢት ይመዘግባል። ቢ-ትሪ (ዋጋዎችን በቅደም ተከተል የሚይዝ የተለመደው የዳታቤዝ ዛፍ) በአንድ ዓምድ ጎበዝ ቢሆንም፣ በዘፈቀደ የተመረጡ አራት አምስት ዓምዶች ሲጣመሩ አይመችም። ቢትማፕ የየዓምዱን ውጤት በ«እና» እና በ«ወይም» ብቻ ያጣምራል። መጠኑን ግን አስሉ፦ 100 ክፍል ለ1 ቢሊዮን ረድፍ ሳይታመቅ 12.5 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ዓምዱ ራሱ በ4 ባይት ቁጥር 4 ጊጋባይት ነው። እንደ ፋስትቢት ያሉ መሣሪያዎች ቢቶቹን አምቀው፣ ሳይፈቱ ያሰላሉ። የጥያቄው ወሰን በክፍሉ መሃል ከወደቀ፣ በዚያ ክፍል ያሉት ረድፎች ከዋናው ዳታ እንደገና ይነበባሉ፤ ዝግመቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደጋግማችሁ የምትጠይቋቸውን ቁጥሮች የክፍል ድንበር አድርጓቸው።

እንደ አየር ንብረት ፍርግርግ ባለ መደበኛ ዳታ ላይ የቦታ ኢንዴክስ አያስፈልግም፤ አድራሻው በስሌት ይገኛል። እዚያ ወሳኙ ቸንክ ነው፤ ማለትም ዳታው ተቆርጦ የሚቀመጥበትና በአንድ ጊዜ የሚነበበው ቁራጭ። የአንድ ዓመት የየሰዓት ዳታ 8760 ሰዓት × 721 ኬክሮስ × 1440 ኬንትሮስ፣ በ4 ባይት፣ 36 ጊጋባይት ያህል ነው። ቸንኩ የአንድ ሰዓት ካርታ ከሆነ ካርታ ለማውጣት 4.2 ሜጋባይት ይበቃል፤ የአንድ ነጥብን የዓመት ሂደት ለማግኘት ግን ለ35 ኪሎባይት ሲባል 36ቱም ጊጋባይት ይነበባል። በ120 × 103 × 90 ቢቆረጥ ሂደቱ በ73 ቸንክ (325 ሜጋባይት)፣ ካርታው በ112 ቸንክ (498 ሜጋባይት) ይወጣል። ካርታው ከባድ ኪሳራ ደርሶበታል፤ ካርታ ብቻ የምታነቡ ከሆነ በዚህ መንገድ አትቁረጡት።

በኤችዲኤፍ5 (እንዲህ ያለ ዳታ የሚቀመጥበት የፋይል ቅርጸትና ላይብረሪ) ተከታታይ 1 ስሪቶች የቸንክ ካሽ (የተነበቡ ቸንኮች በሚሞሪ የሚቆዩበት ቦታ) ነባሪ መጠን 1 ሜጋባይት ነው። 4.4 ሜጋባይት ቸንክ አይገባበትም፤ የታመቀ ከሆነ በእያንዳንዱ ንባብ እንደገና ይፈታል። ፋይሉን ስትከፍቱ ካሹን ቢያንስ በኬንትሮስ አቅጣጫ ከዳር እስከ ዳር ያለውን አንድ ረድፍ ቸንክ እንዲይዝ አስፉት፤ እዚህ 16 ቸንክ፣ ወደ 72 ሜጋባይት ነው።