የበርጫ ሰዓቱን ለእኔ መኪና የሰጠው መካኒክ

ድሬዎች፣ ሐረሮች፣ ሐረማያዎች! ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትቆጥሩ። ትንሽ ትረዝማለች፣ ታገሱኝ። የማመሰግነው ሰው አለኝ። እሱ ደግሞ ምስጋና ሲሰማ ፊቱን አዙሮ መፍቻ የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። ፊት ለፊት አላስብል ስላለኝ እዚህ ልናገር።

እኔ የምኖረው ድሬ፣ ሥራዬ ሐረማያ ነው። በየቀኑ ደንገጎን ወጥቼ እወርዳለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ትጠብሳለች፣ ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ሹራብ ታስለብሳለች። መሀል ላይ ያለው ያ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ሚኒባስ ጥበቃው፣ ግፊያው፣ "አንድ ሰው ነው የቀረው" እያለ በፀሐይ የሚያቁላላን ረዳት፣ ሁሉም ሰለቸኝ። ዕቁቤ ሲደርሰኝ ከቁጠባዬ ጋር ደምሬ መኪና ልግዛ አልኩ።

ዘመድ አዝማዱ በአንድ ድምፅ "ቪትዝ!" አለ። የእኔ ልብ ግን ቢኤም ላይ ነበር። ያውም 330፣ በፈረንጅ የ2003 ሞዴል፣ ማኑዋል ማርሽ። ባለ 3 ሊትር ሞተር፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች፣ 231 የፈረስ ጉልበት። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፣ ይህንንም ያስጠናኝ የወንድሜ ልጅ ነው። እናቴ "ይሄማ የጎረምሳ መኪና ነው" ብላ ሦስት ቀን አኮረፈች። ቤንዚኑስ? ዕቃውስ? በየቀኑ ሥራ የሚኬድበት መኪና ነው ወይ? ያልተባልኩት የለም።

አባቴ የፔጆ ሹፌር ነበር። 404። ከድሬ ሐረር ሲመላለስ ነው ያሳደገን። ትምህርት ሲዘጋ ከፊት መሀል ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ዳገቱን ሲወጣ ወሬ ያቆማል፣ ተሳፋሪም እንዲያወራው አይወድም። ሞተሩን ነው የሚያዳምጠው። ደንገጎ ላይ ሲደርስ ዳር ይዞ ይቆምና ኮፈን ከፍቶ ከጄሪካን ውሃ ይጨምራል። ተሳፋሪው ወርዶ ይንጠራራል፣ እኔ ጄሪካኑን እይዛለሁ። ጥሩ የሚሠራ ሞተር ድምፅ እስከ ዛሬ ደስ የሚለኝ ከዚያ ነው። አንዳንድ ሴት ወርቅ ታያለች፣ እኔ ቆሜ ሞተር እሰማለሁ። ምን ታደርጉታላችሁ!

ብቻ መኪና ፍለጋ ገባሁ። ጊዜውን ታውቁታላችሁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። አገር ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ገጣባውም ደህናውም፣ ዋጋው ሰማይ ወጣ። ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ደላላ ይበዛል።

የመጀመሪያዋን መኪና እንዲያይልኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኩ። ስም አልጠራም። ሰውየው ዙሪያዋን ዞረ፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና "እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው፣ ዐይንሽን ጨፍነሽ ግዢ" አለኝ። የማስመርመሪያውን ከፍዬ፣ አመስግኜ፣ ቀብድ ልከፍል ስል ደላላው ራሱ ደወለልኝ። "እህቴ፣ ተይው ይቅርብሽ" አለኝ። ለካ "እንደ ሰዓት" ያለው መካኒክ ከሻጩ ኮሚሽን ተነጋግሮ ኖሯል። ደላላው ይህን የነገረኝ አዝኖልኝ እንዳይመስላችሁ። ከድርሻው ስለቀነሱበት ተናዶ ነው! መኪናዋ ተገልብጣ ተነስታ፣ በስቱኮና በቀለም ተሸፍና የቀረበች ናት። ያዳነኝ የሌቦች ጠብ ነው። ይህ ይረሳል?

ሌላ ቦታ ደግሞ ሄድኩ። እኔ እጠይቃለሁ፣ መልሱን የሚመልሰው አብሮኝ ለመጣው ወንድሜ ነው። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም! "የምገዛው እኔ ነኝ" ስለው ሳቅ ብሎ "ባለቤትሽን ላኪውና እንነጋገራለን" አለኝ። ሦስተኛው ጋ ኮምፒውተር ሰኩ። በስክሪኑ ላይ ቀይ በቀይ ጽሑፍ ተደረደረ። ምንድን ነው ስል "ኖርማል ነው፣ የድሮ ስህተት ነው፣ እናጠፋዋለን" አሉኝ። አጠፉትም። ለማጥፋቱም አስከፈሉኝ። ያኔ በቃ ሚኒባሴ ይሻለኛል ብዬ ነበር።

ከዚያ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደዚህ ሰው የላከችኝ። ስሙንና ስልኩን እንዳልጽፍ አስምሎኛል፣ እጠብቃለሁ። ለገሃሬ አካባቢ ነው። ትልቅ ጋራዥ እንዳትፈልጉ፣ ታፔላም የለውም። ግቢ፣ አንድ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሁለት መኪና። ዕድሜው ገፍቷል። በጉርምስናው እዚሁ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው ሥራ የጀመረው። አንቱ ስለው "አቦ፣ አታስረጂኝ!" ብሎ ስለተቆጣኝ አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው። በድሬ ወግ ይፈቀዳል።

ሌሎቹ ሁሉ "ስንት ብር አለሽ?" ነው ያሉኝ። እሱ "የት የት ነው የምትሄጂው?" አለኝ። ድሬ ሐረማያ፣ በየቀኑ፣ ስለው ዝም አለ። ከዚያ "ቢኤም ግዢ ወይ አትግዢ አልልሽም። የዚህ መኪና ሞተር ቶሎ አይሞትም። የሚገድለው ሙቀት ነው። ውሃ መያዣው ፕላስቲክ ነው፣ ሲያረጅና ሙቀት ሲበዛበት ይሰነጠቃል። አንቺ ደግሞ የመረጥሽላት መንገድ ደንገጎ ነው። ስለዚህ እዚያው ሄደን እንጠይቃታለን" አለኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ወደ ውጭ ሊሄድ የቸኮለ ልጅ የሚሸጣት 330 ተገኘች። በማለዳ አመጣት። ታጥባ ታብለጨልጫለች። ሰውዬዬ ሊያያትም አልፈለገ። የእጁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳረፈና "ቁርሷን በልታ ነው የመጣችው። ነገ ሳትነሳ እኔ እመጣለሁ" ብሎ መለሳት። ሻጩ ተናደደ፣ ደላላው አጉረመረመ፣ እኔም አንድ ልቤ "አሁን ይሄ ምን ይባላል?" ብሎ ነበር። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በባጃጅ ሻጩ በር ላይ ተገኘ። አስነሷት። ጭስ ማውጫዋ ጋ ቆሞ አሸተተ፣ በሆነ ዘንግ ሞተሩን እየነካ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ምን እንደሰማ አልገባኝም። ብቻ አባቴን አየሁት። ያው ዝምታ፣ ያው ሰው እንዳያወራው መፈለግ። ዐይኔ እንባ ሞላ፣ ለሻጩ አቧራ ነው አልኩት።

"ጥሩ ናት" አለ። "አሁን ሰባት ሰዓት ላይ እንወጣለን።"

ድሬን ለማታውቁ ላስረዳ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ከተማችን በሯን ትዘጋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ከሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ የበርጫ፣ ጫት የመቃሚያ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የድሬን መካኒክ ከፍራሹ አስነስቶ ዳገት ማስወጣት ማለት... አቦ ምን ልበላችሁ። ወንድሙ ቢጠራው አይነሳም! እሱ ግን ራሱ ነው የመረጠው። "በጠዋት ብርድ ማንም መኪና ጨዋ ነው" አለ። ጓደኞቹ ፍራሽ አንጥፈው፣ ቴርሞሳቸውን ደርድረው ይጠብቁታል። እጁን አውለብልቦላቸው መኪና ውስጥ ገባ።

እኔ ነኝ የነዳሁት። "አንቺ ነሽ የምትኖሪባት፣ አንቺ ንጂ" ብሎ። ኤሲ ከፍተን፣ ወንድሜ፣ ሻጩና ደላላው ከኋላ፣ ፀሐይ አናት ላይ። አንድ ሁለት ቦታ ረገጥ ሳደርጋት እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጎ "ዱስማ፣ ዱስማ!" ይለኛል፣ ቀስ በይ ማለቱ ነው፣ በባቡር ፈረንሳይኛው። ዐይኑን ከሙቀት መለኪያው ላይ አላነሳም። ደንገጎ ስንደርስ አቁሚ አለኝ። አባቴ ያቆምበት የነበረው አካባቢ ነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ በእጅ ባትሪ አበራ፣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጠራኝ። ወንድሜን አይደለም፣ ደላላውን አይደለም፣ እኔን ጠራኝ። ጣቴን ይዞ ፕላስቲኩ ላይ አሳረፈው። ነጭ የደረቀ ዱካ አለ፣ ጨው ይመስላል። ከጎኑ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ። ከዚያችው ስንጥቅ ጠብ ስትል በዐይኔ አየኋት። "ጠዋት ይቺን አታይም ነበር" አለኝ። ውስጡ ያለውም ውሃ ብቻ እንደሆነ፣ ትክክለኛው ፈሳሽ እንዳልተጨመረበት ነገረኝ። የቀረውን ማብራሪያ እንደ ቄስ ቅዳሴ ሰምቼ አሜን ብያለሁ።

ሻጩን አልሰደበውም። "ልጄ፣ አላወቅህም ይሆናል። ይህ ከነፓምፑ ከነቱቦው መቀየር አለበት። ሂሳቡን ከዋጋው ቀንስላት" አለው። ልጁም አላንገራገረም፣ ቀነሰ። አሁን ነው ወሳኙ ነገር። ተመልሰን ስንወርድ ደላላው ጠጋ ብሎ የተጠቀለለ ብር ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተለት። ሰውዬዬ ቀስ ብሎ አወጣውና ሁላችን ፊት ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። "እኔ ከአንድ ሰው ነው የምበላው" አለ። ይኸው ነው። አልጮኸም፣ አልሰበከም። ደላላው ብሩን እስኪያነሳ ድረስ ሌላ ቦታ እያየ ጠበቀው።

ስለ ኮምፒውተር ምርመራው፣ ስለ ቻንሲ ቁጥሩ፣ ስለ ሊብሬውና ስም ማዘዋወሩ አልነግራችሁም። ሁሉንም አንድ በአንድ አሳየኝ፣ እኔ ግን ግማሹን ረስቼዋለሁ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናዋን ግቢው አቆያት። "ልንዳት" ብዬ ብለምነው ቁልፉን ደበቀብኝ፣ እውነቴን ነው። የቀየራቸውን አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ በካርቶን አድርጎ አስረከበኝ። "የከፈልሽበት ነው፣ እይው" አለ። ሂሳቡን ሲነግረኝ በደንብ ያልሰማሁት መሰለኝና አስደገምኩት። ጨምሬ ልሰጠው ብል መፍቻ ፍለጋ ፊቱን አዞረ።

ዛሬ መኪናዬ ደንገጎን ስትወጣ የሙቀት መለኪያዋ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ነው። የጫት አይሱዙዎቹን ስታልፍማ አትጠይቁኝ። ቤንዚን ትጠጣለች፣ አልዋሽም። ሆዷ ዝቅ ስላለ አንዳንድ የፍጥነት መገደቢያ ላይ "እሕ" ትላለች። ቪትዝ አይደለችም፣ ተመችቶኛል ብዬ ሁላችሁንም ግዙ አልላችሁም። አኩርፋ የነበረችው እናቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ለአትክልት አወዳይ ድረስ ካልወሰድሽኝ ትላለች፣ ያውም "ትንሽ ረገጥ አድርጊው" እያለች።

ጋሼ፣ ልጆችህ ይህን እንደሚያነቡልህ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥህ፣ አላህ ይስጥህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው። እጅህ አይድከም። ባንተ ዓይነት ሰው ነው ድሬ ድሬ የምትባለው።

እናንተ ደግሞ ሂዱ። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱ፣ ከገዛችሁ በኋላ አይደለም። ቢኤምም ይሁን ኮሮላ፣ ቪትዝም ይሁን፣ ያያል። ቦታውን ለማወቅ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አሳያችኋለሁ። በጠዋት ድረሱ። መኪናውን አሙቃችሁ እንዳትወስዱ፣ ይመልሳችኋል። ደላላ ይዛችሁ አትሂዱ። በበርጫ ሰዓት ደግሞ አደራ እንዳታስቸግሩት፣ ለእኔ የተነሳው ይበቃዋል።