ሥዕሌን ላሳይ ብዬ ከፈልኩ፤ እናንተ እንዳትከፍሉ

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ አንድ ካፌ ገባሁ። ማኪያቶ አዝዤ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ሥዕሌን አየሁት። የሐይቁ ሥዕል ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቶ፣ አንዲት ታንኳ ብቻዋን። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ከዛ ነው የነቃሁት። ያ ሥዕል እኮ አልተሸጠም። ደሴ፣ ቤቴ፣ ከአልጋዬ በላይ ነው የተሰቀለው።

ተነስቼ ጠጋ አልኩ። የታንኳዋ ጎን ላይ በስፓቹላ ጫን ጫን አድርጌ ያወፈርኩት ቀለም አለ። ኦርጅናሉን በጣት ብትነኩት እንደ ጠባሳ ይሻክራል። ይሄኛውን ነካሁት፤ ልሙጥ ነው። ጉብታው ይታያል እንጂ የለም። ፎቶ ነው። ወደ ቀኝ ታች ወርጄ ስሜን ፈለግሁ። ከሥር ሦስት ጣት ያህል ተቆርጧል። ፊርማዬ የነበረው እዛ ሦስት ጣት ላይ ነው።

የካፌው ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው። "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" ብለው መጡ። ነገርኳቸው። ደነገጡ። አዲስ አበባ ከአንድ የፍሬም ሱቅ በ2,800 ብር ገዝተውት ነው። ሱቁ ውስጥ ተመሳሳዩ አምስት ስድስት ተደርድሮ እንደነበርም ነገሩኝ። እሳቸው ምንም ጥፋት የለባቸውም። የማኪያቶውንም አላስከፈሉኝም።

ሥዕሌ እዛ እንዴት ደረሰ? በገዛ ፊርማዬ ነው። ይሄን የምጽፈው በተለይ ወሎ ውስጥ ላላችሁ፣ በራሳችሁ ስላችሁ በራሳችሁ ለምትሸጡ ነው። ደሴም ሁኑ ወልድያ፣ ላሊበላም ሁኑ ከሚሴ።

አምና ነሐሴ ላይ አንድ ሰው በቴሌግራም ጻፈልኝ። "እህትዓለም፣ ሥራዎችሽን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ" ይላል። ራሱን ኪዩሬተር ነኝ፣ ማለትም ሥዕል መርጬ ኤግዚቢሽን አዘጋጃለሁ ብሎ አስተዋወቀ። አዲስ አበባ፣ ባለ ኮከብ ሆቴል ውስጥ፣ የሦስት ቀን ኤግዚቢሽን። ኤምባሲዎች ይመጣሉ፣ ዲያስፖራ ይመጣል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። የተመረጥነው ጥቂቶች ነን። ምዝገባ 12,000 ብር፣ ቦታው እየሞላ ስለሆነ እስከ አርብ።

እዚህ ሥዕል የሚሸጠው በሰው በሰው ነው። ሠርግ ሲኖር ፖርትሬት ያዛሉ። አዲስ ሆቴል ሲከፈት ለሎቢው ይፈልጋሉ። ክረምት ላይ ዲያስፖራው የአባቱን የተቀደደ ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣና "ትልቅ አርገሽ ሳይልኝ" ይላል። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ለሚወጡ ሰዎች ትንንሽ የማርያም ሥዕሎች አዘጋጃለሁ። ላሊበላ ያሉት ጓደኞቼ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ገናን ነው የሚጠብቁት። እንዲህ እየኖረ ያለ ሰው "ኤምባሲ" የሚል ቃል ሲሰማ ልቡ ይሸፍታል።

የጠረጠረችው እናቴ ብቻ ናት። ጀበናውን እያወረደች "ድግስ ጠርተውሽ ለእንጀራው የምትከፍዪው አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "እማ፣ ይሄ የጥበብ ነገር ነው፣ አይገባሽም" አልኳት። በረካው ሳይቀዳ 12 ሺውን በቴሌብር ላክሁት።

ሳምንት ሳይሞላ የካታሎግ ማሳተሚያ 3,500 ተባለ። ላክሁ። ከዛ የመስቀያና የመብራት 2,000። ላክሁ። አንዴ 12 ሺህ የከፈለ ሰው ለ2 ሺህ ብሎ ወደ ኋላ አይልም፤ እነሱም ይሄን ያውቃሉ። ለካታሎጉ ፎቶ ልልክ ስል ደግሞ ምክር ሰጡኝ። "በፎቶ አትላኪው፣ ጥራቱ ይወርዳል። በፋይል ላኪው፣ ትልቁን።" እኔ ሙያቸውን አደነቅሁ። የስድስት ሥዕሎቼን ትልቁን ፋይል አንድ በአንድ ላክሁላቸው። በኋላ ካታሎጉ ሲመጣ የመዳፍ ስፋት አለው። የእኔ ሥዕል በቴምብር መጠን ገብቷል። ለቴምብር ያን ያህል ፋይል ምን ያደርጋል ብዬ ያኔ አልጠየቅሁም።

ስድስቱን ሥዕል በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ከላይ ማዳበሪያ ደርቤ፣ በሌሊት ተነሳሁ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱን ትልልቆቹን አውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጫንኩ፣ አራቱን ታቀፍኳቸው። ጣርማ በር ላይ ዝናብ መጣ። እዛ ጋ ስንት ጊዜ እንደጸለይኩ እግዜር ይወቀው።

ሆቴሉ እውነት ነው፣ ባለ ኮከብ ነው። እኛ የተሰቀልንበት ግን ወደ ሠርግ አዳራሹና ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚወስደው ኮሪደር ነው። በር ላይ እንደደረስኩ አንዲት ልጅ ሁለት ገጽ ውል ይዛ ጠበቀችኝ። "ቶሎ ፈርሚልኝ እህቴ፣ እንግዶች ሊገቡ ነው።" ጠረጴዛ አልነበረም። የሐይቁን ሥዕል ጀርባውን ገልብጬ እሱ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። ኮፒም አልተሰጠኝም። ደግነቱ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ ያቺ ፎቶ ናት ዛሬ እጄ ላይ ያለችው።

ሦስት ቀን ቆምን። 26 ሠዓሊዎች ነበርን። ከሠርግ አዳራሹ የሚወጡ ሚዜዎች እጃቸውን ሊታጠቡ ሲያልፉ ያዩናል። ካሜራ የያዘ አንድ ልጅ መጣ፣ አዘጋጁን ብቻ ቀርጾ ሄደ። ኤምባሲ የለም። ቀሪው ጎብኚ እኛው ነን፣ ያንዱን ሌላው እያየ። በሁለተኛው ቀን አንዲት የጎንደር ልጅ ካልኩሌተር አወጣች። 26 ሲባዛ በ12,000፣ 312,000 ብር። ካታሎጉ ሳይጨመር። ዝም ተባባልን። ሰውዬው ገና አንድ ሥዕል ሳይሸጥ ድግሱን በልቶ እጁን ታጥቧል።

የእኔን ሒሳብ ልንገራችሁ። ምዝገባ፣ ካታሎግና መስቀያ 17,500። ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ 6,800። ድምሩ 24,300። አንዲት ትንሽ ሥዕል በ9,000 ተሸጠችልኝ፣ የገዛት የሌላ ሠዓሊ ወንድም ነው። ከሷም 40 በመቶ ኮሚሽን ቆርጠው 5,400 ሰጡኝ። 18,900 ብር ከስሬ ተመለስኩ። ያን ጊዜ "በቃ፣ ትምህርት ነው" ብዬ ተውኩት። ኮምቦልቻ ማኪያቶ እስክጠጣ ድረስ።

ከካፌው ወጥቼ የውሉን ፎቶ አስፍቼ አነበብኩት። ቁጥር 9 ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ ሠዓሊው የቀረቡትን ሥራዎች ምስል አዘጋጁ በማንኛውም መልክ እንዲያባዛ፣ እንዲያሰራጭና እንዲሸጥ ያለ ጊዜ ገደብ ፈቅዷል። ሥዕሌን ጠረጴዛ አድርጌ ሥዕሌን ነው የፈረምኩላቸው።

ደሴ ፒያሳ አንድ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። የነገረኝን እኔ በገባኝ መንገድ ላስቀምጠው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ፣ በ2007 በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። መብቱ ሥራው ሲፈጠር ጀምሮ የእናንተ ነው። አላስመዘገባችሁም ተብሎ አይቀርም። በሕይወት እስካላችሁና ከሞታችሁ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሰው ሥዕሉን ገዛ ማለት የማባዛት መብቱን ገዛ ማለት አይደለም። የማባዛት መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። "አንቺ ደግሞ በጽሑፍ ሰጥተሻል" አለኝ፣ አዝኖ። ስሜ ከሥራዬ ጋር እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ግን ሌላ ነው፣ እሱን አልሸጥሽም አለኝ። የተቆረጠችው ሦስት ጣት ላይ ነው አሁን ተስፋ ያደረግነው። ማመልከቻው እየተጻፈ ነው።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር። እዛው የምስለው ሐይቅ ላይ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፣ ለዚህ ነው ሐይቁን ሁሌ ከዳር ሆኜ የምስለው። ገዳሙ ውስጥ አበምኔቱ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሰጡት ወንጌል አለ። ውስጡ የራሳቸው ሥዕል ተሥሏል። እኔ በፎቶ ነው ያየሁት። ከ700 ዓመት በላይ አልፎ እዛ ብራና ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የእኔ ስም ከሆቴሉ እስከ ፍሬም ሱቁ እንኳን አልቆየም።

እና ምን እንድታዩ ነው የምፈልገው? ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ። እውነተኛ ጋለሪ ኮሚሽን ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ። ይበዛል ብላችሁ ልታጉረመርሙ ትችላላችሁ፣ እኔም አጉረመርማለሁ። ግን የሚወስደው ሲሸጥ ነው። ካልሸጠ እሱም ጾሙን ያድራል፣ ስለዚህ ገዢ ፍለጋ ይሮጣል። ከ26 ሠዓሊ አስቀድሞ የተቀበለ ሰው ግን ምን አስሮጠው? የእሱ ገዢዎች እኛ ነን። ባዛር ላይ ለድንኳን መክፈል ሌላ ነገር ነው፣ አትቀላቅሉት። እዛ ቦታ ትከራያላችሁ፣ ማንም "ተመርጠሻል" ብሎ አያሞግሳችሁም።

ወልድያ ያለች ጓደኛዬ ደግሞ በሌላ በር ነው የገቡባት። ከውጭ ነኝ ያለ "ገዢ" ሥዕሏን በ1,800 ዶላር ተስማማ። ለሚስቱ ልደት ነው፣ ቤት እየቀየሩ ነው፣ ዕቃ ጫኝ ይልካል። ቨርጂኒያ ላለው ወንድሟ የ4,800 ዶላር ቼክ ላከ። ተሳስቶ አብልጦ ነው አለ። ትርፉን 3,000 ለዕቃ ጫኙ አስተላልፉልኝ አለ። ወንድሟ ሒሳቡ ላይ ብሩ ገብቶ ስላየ አስተላለፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባንኩ ቼኩ ሐሰተኛ ነው ብሎ ሙሉውን ከወንድሟ ሒሳብ ቀነሰ። እዛ አገር ቼክ ሳይጣራ ብሩ ቀድሞ ይታያል፣ የሚጫወቱት በሱ ነው። አብልጦ የከፈለ ገዢ ካጋጠማችሁ ገዢ አይደለም። "ሥዕልሽን በኤንኤፍቲ በብዙ ሺህ ዶላር ልግዛሽ፣ መጀመሪያ እዚህ ሳይት ላይ የማስመዝገቢያ ክፈዪ" የሚላችሁም የዛው ሰው ዘመድ ነው፤ ኤንኤፍቲ የሚሉት በኢንተርኔት የሚሸጥ የዲጂታል ባለቤትነት ማረጋገጫ ነው።

እኔ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ለማንም ትልቁን ፋይል አልልክም። በቴሌግራም በፎቶ ነው የምልከው፣ ጥራቱ ይውረድ። ፊርማዬን ጥግ ላይ መጻፍ ትቻለሁ፤ ታንኳዋ ውስጥ፣ ነጠላው ጥለት ላይ፣ ቢቆረጥ ሥዕሉ የሚበላሽበት ቦታ ነው የማስገባው። ትዕዛዝ ሲሆን ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል ሸራ አልወጥርም። "ገብቷል" የሚል ስክሪንሾት ቢመጣልኝ ሒሳቤን ከፍቼ ሳላይ ሥዕሉን አላስረክብም። ለሆቴልም ሆነ ለሱቅ ለሽያጭ ካስቀመጥኩ መጠኑ በሴንቲ ሜትር፣ ዋጋው፣ ኮሚሽኑና የሚመለስበት ቀን ተጽፎ እንፈራረማለን። አንዳንዱ ይከፋዋል። "በወሎ ልጅ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?" ይላል። ደግሞ ቤቱ ስሄድ ሳልበላ አይለቀኝም። እሺ፣ እበላለሁ፣ ወረቀቱም ይፈረማል። ውልን ደግሞ ቤቴ ወስጄ፣ ቁጭ ብዬ፣ እናቴ እየሰማች ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ኮፒዬን ሳልይዝ ሥዕሌ ከበር አይገባም።

እዛ ኮሪደር ከነበርነው 26 ውስጥ እስካሁን ሰባታችን ተገናኝተናል። የሰባታችንም ውል ቁጥር 9 አንድ ነው። ተመሳሳይ ወረቀት የፈረማችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠበቃው ብዙ ከሆንን ይሻላል ብሏል።

ሰውዬው ባለፈው ማክሰኞ በሌላ ቁጥር ጻፈልኝ። ማን እንደሆንኩ የረሳ ይመስለኛል። "እህትዓለም፣ ሥራዎችሽን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ" ይላል። ኤግዚቢሽኑ አሁን ዱባይ ነው። ምዝገባ 45,000፣ እስከ አርብ።