የድሮ፣ የትናንትና የዛሬ በርጩማ፦ ክረምትም በጋም ተቀምጠንባቸው

ደሴ ውስጥ ሶፋ የሌለው ቤት ይኖራል፤ በርጩማ የሌለው ግን እኔ አላየሁም። ሶፋ ያለውም ቢሆን ጀበናው ሲጣድ በርጩማ መሳቡ አይቀርም። እኛ ቤት ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ከባለቤቴ አያት የወረስነው፣ አንዱ ከሰኞ ገበያ አሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛሁት፣ አንዱ ደግሞ አዲስ። ክረምቱንም በጋውንም አብረን አልፈናል። እዚህ የምጽፈው ወገቤና ጉልበቴ የመሰከሩትን ነው።

ከሽማግሌው ልጀምር። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ባለ ሦስት እግር ነው፤ የጅማ በርጩማ ከሚባለው ወገን። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። ቤተሰቡ «ጣሊያን በ1928 ከመግባቱ በፊት የነበረ ነው» ይላል። በንግዱ አንቲክ የሚባለው 100 ዓመት የሞላው ዕቃ ነው፤ የኛው ይሙላ አይሙላ ማን ይቆጥርለታል። መቀመጫው ጎድጎድ ብሎ፣ ከሰው ልብስ ጋር ስንት ዘመን ሲፋተግ ኖሮ ያብረቀርቃል። ገልብጣችሁ ሆዱን ስታዩ ግን የመሮው ምት ጎርበጥ ጎርበጥ እያለ እዚያው አለ። ማንም እጁን ያላሳረፈበት ቦታ ስለሆነ ሸካራ ነው።

ይህን የምነግራችሁ በከንቱ አይደለም። ገበያ ላይ «የድሮ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የድሮ አይደለም። ጭስ ጠጥቶ፣ ዘይት ወይ የጫማ ቀለም ተቀብቶ የጠቆረ የዘንድሮ ዕቃ ሞልቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ገልብጡት። እውነተኛው እኩል አያረጅም፤ ሰው የነካው ይለሰልሳል፣ ያልነካው ሸካራ ሆኖ ይቀራል፣ የእግሩ ጫፍ ወደ አንድ ጎን ይበላል። ላዩም ሥሩም አንድ ዓይነት ከጠቆረ ተጠራጠሩ። እርጥብ ጨርቅ አሹበት፤ ቀለም ከለቀቀ መልሱን አገኛችሁ።

ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ቶሎ አትሽሹ። እንጨት ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ዳር ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። የግንዱ እምብርት ያለበት ወፍራም እንጨት ታዲያ ሳይሰነጠቅ አይደርቅም። የኛው ከጠርዙ ወደ መሃል የገባ ጥቁር ስንጥቅ አለው፤ ክረምት ጠበብ፣ በጋ ሰፋ ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። የሚያስፈራው ውስጡ ነጣ ያለ አዲስ ስንጥቅ ነው፤ በተለይ ወደ እግሩ ከወረደ።

ባለ ሦስት እግር ለግቢያችን ተፈጥሯል። ድንጋይ ይሁን ወጣ ገባ ሲሚንቶ አይወላገድም፤ ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ መሬት ይነካል። አራት እግር ያለው ግን ወለሉ ትንሽ ከተዛባ ያነክሳል። ሆኖም በሁለት እግር መሃል ወደ ውጭ ዘንበል ካላችሁ ይጥላችኋል፤ ሕፃናት ሲወጡበት ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ዋናው ጉዱ ቁመቱ ነው። 25 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። ለረከቦት ልክ ነው፤ እጅ ስኒው ላይ በቀላሉ ይደርሳል። አማቴ ግን አቦል ጠጥተው ቶና ሲደርስ ጉልበታቸውን ይይዛሉ። «ልጄ፣ መቀመጡስ ይቀመጡታል፤ መነሣቱ ነው እንጂ!» ይሉኛል። ቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለ ስለ ውበቱ ከማውራታችሁ በፊት በሜትር ለኩት።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «የአያቴን በርጩማ ልውሰድ» ሲል ዝም ብሎ ሻንጣ ውስጥ አይከተትም። በቅርስ አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስትገዙም ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል፤ የስንቱ ሰው ቤትም እንዲሁ። ሻጩ መነሻውን መናገር ካልፈለገ እኔ አልገዛም።

ሁለተኛው የጠፍር በርጩማ ነው። የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ወይ የደርግ መጀመሪያ ሥራ ይመስለኛል፤ ቪንቴጅ የሚሉት፣ አሮጌ ሆኖ አንቲክ ያልደረሰ ዓይነት። እግሮቹ በቀዳዳ ገብተው በሽብልቅ ተወጥረዋል፣ መቀመጫው የበሬ ጠፍር ነው። የገዛሁት በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ነው። እውነት ለመናገር ከሦስቱ የምወደው ይህንን ነው። ረጅም ሰዓት ሲቀመጡበት ይመቻል፣ አይቆረቁርም፤ ሲበላሽም ይጠገናል።

ግን አየር ያውቃል። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ድረስ ሲገባ ጠፍሩ እርጥበት ስቦ ላላ፤ ሰው ሲቀመጥ ወደ ታች ይረግብ ጀመር። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ከዚያው ሻጭ የወሰደችው መንትያው ደግሞ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ይጮሃል። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ቆዳ ይህን ልዩነት ከሰው ይልቅ ያውቀዋል። ሠፈር ያሉ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት። «አብሽሪ፣ እንጨቱ ደህና ነው» አሉና ጠፍሩን ፈትተው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት። ርሶ ሲለጠጥ ወጥረው ሠሩት፤ ሲደርቅ ራሱ ተሳበ። ከዚያ ወዲህ አልላላም።

እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ አቁሙትና እግሩን መታ መታ አድርጉት። ከጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ነጣ ያለ ትኩስ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ ውስጡ በሕይወት አለ ማለት ነው። ወደ ሌላው ዕቃ ሊዛመት ይችላል። ቀዳዳ ኖሮ ዱቄት ከሌለ የድሮ ጠባሳ ነው፤ ብዙ አያሳስብም።

አዲሱ ባለ ብረት እግር ነው፤ መቀመጫው ችፑድ፣ በላዩ ስፖንጅና ቆዳ መሳይ ልባስ። ቁመቱ 45 ሳንቲሜትር ስለሆነ 75 ለሆነ ምግብ ጠረጴዛ ልክ ነው። አማቴ ሲያዩት ደስ አላቸው። ወጥ ቤት ለሽንኩርት መክተፊያም የሚሳበው እሱ ነው። ችግሩ ችፑዱ ላይ ነው። ወለል ሲታጠብ ውሃ ይነካዋል፣ ያብጣል፣ ብሎኑ የያዘበት ቀዳዳ ይፈረፈራል። ወራት ሳይቆይ ይወዛወዝ ጀመር። የሸጠልኝ ቤት «አጠቃቀም ነው» ብሎ ሸኘኝ። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ ችፑዱን አስወጥቼ የደረቀ ጣውላ አስገባሁ፣ ብሎኑን ከላይ እስከ ታች አሳልፌ በሮንዴላና በዳዶ አሳሰርኩት። አሁን ቀጥ ብሏል። እናንተ ስትገዙ ግን ገና ሱቅ ውስጥ ሥሩን ዓይታችሁ ጣውላ ያለውን ምረጡ።

እኛ ቤት ባይኖርም ስለ ፕላስቲክ በርጩማ በአጭሩ፦ ለልቅሶና ለድግስ ይደራረባል፣ ይታጠባል። ፀሐይ ላይ ከከረመ ይደርቅና ይሰበራል፣ ምጣድ አጠገብ ከቆመ ይቀልጣል። ሴራሚክ ላይ ከባድ ሰው አታስቀምጡበት፤ እግሩ ይከፈታል።

ኮንዶሚኒየም ወጥ ቤታቸው ላይ ባንኮኒ ያሠሩ ሰዎች ረጅሙን በርጩማ ይጠይቁኛል። ከባንኮኒው ቁመት ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ቀንሱ፤ ለ105 ባንኮኒ 75 ይሆናል ማለት ነው። የእግር ማሳረፊያ ብረት የሌለውን አትግዙ፤ እግር ተንጠልጥሎ ይደነዝዛል።

እኔ አሁን ለአማቴ እዚያው ባለሙያ ዘንድ አዲስ አዝዣለሁ። ቁመቱ 45፣ መቀመጫው ጠፍር፣ እግሮቹ የወይራ፣ ያለ ብሎን በሽብልቅ። ባሕር ዛፍ ይረክስ ነበር፤ ሳይደርቅ ከተሠራ ግን ይጣመማል። ቀብድ ከፍያለሁ፤ ባለሙያው «እንጨቱ ይድረቅ፣ ከመስከረም በፊት አትምጪብኝ» ብለውኛል።