ቢኤምደብሊው አይ3 ሬክስ፦ ትንሿ ሞተር አልነሳ ስትል

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ አይ3 የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ያገኛል፤ በባትሪ ብቻ የሚሄደውንና ከኋላው ትንሽ የቤንዚን ሞተር የተጨመረበትን። ሁለተኛው ሬክስ ይባላል፤ «ርቀት ማራዘሚያ» ማለት ነው፣ ሞተሯም በዚሁ ስም ትጠራለች። ሞተሯ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 647 ሲሲ፣ መነሻዋ የኩባንያው ስኩተር ሲሆን የሚሠራትም የታይዋኑ ኪምኮ ነው። ጎማ አታዞርም። ሥራዋ ጄኔሬተር እያዞረች እስከ 25 ኪሎዋት ማመንጨት ብቻ ነው። ሞተሯ ራሷ ጠንካራ ናት፤ «ሬክስ አይሠራም» የሚለው መልእክት ሲመጣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያዋ ካሉት ነገሮች ነው።

ሲገዙ ትልቁ ችግር ሞተሯን ማየት አለመቻል ነው። የአሜሪካው መኪና በአዝራር አያስነሳትም፤ ባትሪው 6.5 በመቶ ገደማ ሲደርስ በራሷ ትነሳለች። ምክንያቱ የካሊፎርኒያ ደንብ ነው፦ ባትሪው ሳያልቅ ሞተሯ እንዳትነሳ፣ ቤንዚኑም ከባትሪው የበለጠ ርቀት እንዳያስኬድ ያዛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞዴሎች ላይ 9 ሊትር የሚይዘው ሰልባትዮ በሶፍትዌር ወደ 7.2 ሊትር የተቀነሰውም ለዚሁ ነው። የአውሮፓው መኪና ግን ቻርጁ ከ75 በመቶ ሲወርድ ከሜኑ ማስነሳት ይቻላል። ቢመርኮድ በተባለው መተግበሪያ ይህን በአሜሪካው ላይም የሚያስከፍቱ ባለቤቶች አሉ፤ ሻጩን መጠየቅ አይከፋም። ካልሆነ ቻርጁ አልቆ እንዲጠብቅዎት ያድርጉና ፈጣን መንገድ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይንዱት።

ስህተት ከመጣ መጀመሪያ የሚለካው የፊት ኮፈኑ ሥር ያለው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ሲደክም ኮምፒውተሮቹ ግራ ይጋባሉና ከሬክስ ጋር የማይገናኝ ነገር ሁሉ ሬክስን ይከሳል። መኪናው ተቆልፎ ጥቂት ሰዓት ካደረ በኋላ በቴስተር ይለኩ፤ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፣ ከ12.4 በታች ከሆነ ሌላ ነገር ከመንካት በፊት ባትሪውን መቀየር ይሻላል።

ቀጥሎ የቤንዚኑ መንገድ። ሞተሯ ለሳምንታት ስለማትነሳ ትነቱ እንዳይወጣ ሰልባትዮው ታሽጎ ግፊት ይይዛል። ስለዚህ ከመቅዳት በፊት በሾፌሩ በኩል ያለው አዝራር ተጭኖ ግፊቱ እስኪለቅ ይጠበቃል። የክዳኑ መቆለፊያ ከተጣበቀ ወይም ሴንሰሩ «ክፍት ነው» ካለ፣ መኪናው ቤንዚን እየተቀዳ ነው ብሎ ሞተሯን አያስነሳም። ክዳኑን ከፍተው ዘግተው መልእክቱ መጥፋቱን ያረጋግጡ። የትነት ፍሳሽ ኮድ ከወጣም ውድ ክፍል ከመግዛት በፊት የታፑን ጎማ ማየት ርካሹ ጅማሬ ነው። ቤንዚኑ አርጅቶ ከሆነ ደግሞ አቃጥሎ መጨረስና አዲስ መቅዳት ነው። ሞተሯ ሳትሠራ ስትከርም መኪናው ለጥገና ብሎ ለአጭር ጊዜ ያስነሳታል፤ በዚያ የሚቃጠለው ጥቂት ስለሆነ የዓመት ቤንዚን ሰልባትዮ ውስጥ ማግኘት እንግዳ አይደለም።

ሞተሯ ተነስታ እየተንቀጠቀጠች የምትጠፋ ከሆነ የአየር መግቢያው ላይ ያለውን የግፊት ሴንሰር ይጠርጥሩ። የሚይዘው የፕላስቲክ ጆሮ ይሰበርና ሴንሰሩ ከቦታው ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ የአየሩ ንባብ ይዛባል። የኋላውን ምንጣፍ አንስቶ ከሥሩ ያለውን ሽፋን ቡሎኖቹን ፈትቶ ማንሳት ነው፤ ሞተሯ እዚያው ናት። በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቀው የሚነዱ ብዙ ናቸው፣ ደግሞም ይይዛል። ብርቱካናማዎቹን ገመዶች ግን አይንኩ፤ ከፍተኛ ቮልት ነው።

ብልሽት የሚመስል፣ ግን ያልሆነ ነገርም አለ። ረጅም ዳገት በፍጥነት ሲወጣ መኪናው ከ25 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል፤ የተረፈችው ቻርጅ ካለቀች ፍጥነቱ በድንገት ይወርዳል። ይህን የሚጠግን መካኒክ የለም። ተራራማ አካባቢ ለሚነዳ ሰው የምመክረው መኪና አይደለም፤ በከተማና በሜዳ ግን ቻርጅ ማድረጊያ አጣ ይሆን የሚለውን ጭንቀት በእውነት ያቀልላል።

አንድ ወረቀትም ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ያሉት ሬክሶች ለጥገና ተጠርተው ነበር፤ የሰልባትዮው የትነት ቱቦ ከባትሪ ገመድ ሽፋን ጋር እየተፋተገ ሊበሳ ይችል ስለነበር ነው። በሻንሲ ቁጥሩ መሠራቱን ማረጋገጥ ይቻላል።

ሻጩ ቻርጁን አውርዶ ሞተሯን ለማሳየት ካንገራገረ፣ 120 ኪሎ ገደማ ትርፍ ጭነት የተሸከመ የባትሪ መኪና ነው ብለው ዋጋውን ይደራደሩ።