ኖትፓድ ገንዘብ ሲጠይቅ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጽሕፈት ቤቶች የአራት አማራጮች ንጽጽር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ ለተራ ጠባቂዎች ሁለት አግዳሚ ወንበር። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ የሙያ ጓደኞቼ ከዚህም ከኮምቦልቻም እየደወሉ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ኖትፓድ ላይ ለመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» ኖትፓድ ማለት ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ተራ ጽሑፍ መጻፊያ ነው። አንድ በአንድ በስልክ ከምመልስ ያየሁትንና የሞከርኩትን ጽፌ ላስቀምጠው።

መልሴን ከፊት ላድርገው። እንጀራችሁ የሚበላው በአማርኛ ጽሑፍ ከሆነ አትክፈሉ። በእንግሊዝኛ ከሆነም ከመክፈላችሁ በፊት ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሞክሩት፤ አብዛኞቻችሁ እዚያው ላይ ትቆማላችሁ። ምክንያቴ የሚገኘው ከመሣሪያው ይልቅ በሥራችን ጠባይ ውስጥ ነው።

ኖትፓድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ከመጀመሪያው ዊንዶውስ ጋር የወጣ ነው። ለአርባ ዓመት ያህል ከተጠቃሚው ምንም ሳይጠይቅ ኖረ። አካውንት ክፈት አይልም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ወዲያው ይከፈታል። በ2024 ማይክሮሶፍት የኖትፓድን ታላቅ ወንድም ዎርድፓድን ከዊንዶውስ 11 አስወጣው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተመረጠን ጽሑፍ እንደገና የሚጽፍ አገልግሎት ለሞካሪዎች ቀረበ፤ በ2025 ደግሞ ማጠቃለያ የሚያወጣና ከባዶ የሚጽፍ ተጨመረ። ተራው ማስታወሻ ደብተር ከደንበኝነት ክፍያ ጋር የተሳሰረው እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ የሚከፈልበት ኖትፓድ

አሠራሩ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ትመርጣላችሁ፣ እንዲያጥር፣ እንዲረዝም ወይም ይበልጥ መደበኛ እንዲሆን ታዝዛላችሁ፤ ጽሑፉ በኢንተርኔት ወደ ድርጅቱ ማሽን ሄዶ ተለውጦ ይመለሳል። ለዚህ በማይክሮሶፍት አካውንት መግባት ግድ ነው።

የሚከፈለው ዎርድንና ኤክሴልን በያዘው በማይክሮሶፍት 365 ደንበኝነት በኩል ነው። በጥር 2025 የግል ደንበኝነቱ ዋጋ በአሜሪካ ከ6.99 ወደ 9.99 ዶላር በወር ከፍ አለ፤ ለጭማሪው የተሰጠው ምክንያትም ይኸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። አሮጌውን ዋጋ ይዞ ያለ አዲሱ አገልግሎት መቀጠል ለነባር ደንበኞች የሚቻል ነበር፤ ነገር ግን ይህ በግልጽ አልተነገረም በሚል በጥቅምት 2025 የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ድርጅቱን ፍርድ ቤት አቁሟል።

ወደ እኛ ስናመጣው ነገሩ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር አሮጌው ዋጋ 400 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። አዲሱን ዋጋ ዛሬ ባንክ በሚሸጥበት ተመን ብታባዙት ከ1200 ብር በላይ ይመጣል። እሱም ዶላሩን የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ሒሳብ ነው። ካርድ የሌለን በቴሌብር ተቀብለው በውጭ ካርድ የሚከፍሉልንን ደላሎች እንለምናለን፤ እነሱም የራሳቸውን ይጨምራሉ። እኔ በአንዱ በኩል ከፍዬ በሁለተኛው ወር አካውንቱ ተዘግቶብኛል፤ ገንዘቤም አልተመለሰም። በደላላ በኩል የአንድ ዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ እንዳትሰጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ለከፈላችሁት ገንዘብ በወር 60 ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ማሽኑን ባዘዛችሁ ቁጥር ከዚያ ይቀነሳል። ነጥቡ የኖትፓድ ብቻ ሳይሆን የዎርድ፣ የኤክሴልና የፔይንትም ጭምር ነው። ለአንድ ተማሪ 60 ይበቃ ይሆናል። እንደ እኔ ያለ ቤት ግን በመስከረም፣ የሥራ ማመልከቻና የትምህርት ማስረጃ በሚበዛበት ሰሞን፣ በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። «የቤተሰቡን ደንበኝነት ገዝተን ለሦስት እንካፈለው» የምትሉ ወዳጆቼም አስተውሉ፤ በቤተሰብ ደንበኝነት ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ የሚሠራው ለከፋዩ አካውንት ብቻ ነው። በዚያ ላይ የግልም የቤተሰብም ደንበኝነት በውሉ መሠረት ለንግድ ሥራ የተፈቀደ አይደለም። ጽሕፈት ቤት ደግሞ ንግድ ነው።

የኮምፒውተሩም ጉዳይ አለ። አገልግሎቱ ዊንዶውስ 11 ይፈልጋል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ በመሠረቱ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከተማችን ውስጥ ከሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ አራተኛና ስድስተኛ ትውልድ ናቸው። ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት ትውልዱን ጠይቁ። ያለ ደንበኝነትና ያለ ኢንተርኔት እዚያው ማሽኑ ላይ የሚሠራ ዓይነትም ወጥቷል፤ ሆኖም ኮፓይለት ፕላስ የሚባሉትን፣ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራምና የተለየ ፕሮሰሰር ያላቸውን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ይፈልጋል፤ ሲጀመርም የቀረበው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።

አማርኛው ላይ ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ገንዘባችሁ የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው እዚህ ነውና።

አንድ አዛውንት የቤት ሽያጭ ውል ሊያጽፉ መጡ። ረቂቁን ከጻፍኩ በኋላ ረዝሞ ስለታየኝ ከነዚህ መሣሪያዎች በአንዱ እንዲያጥር አዘዝኩት። ያማረ፣ የተቀናበረ ጽሑፍ መለሰልኝ። አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡና ቀና አሉ፦ «ልጄ፣ ወሰኔን ምን በላው?» ስመለከት «በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ አቶ እገሌ፣ በሰሜን ወይዘሮ እገሊት፣ በደቡብ…» የሚለው አራት መስመር የለም። ማሽኑ ድግግሞሽ መስሎት ቆርጦታል። በእኛ ውል ግን ቤቱን ቤት የሚያደርገው ያ አራት መስመር ነው። «አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ እንደገና በእጄ ጻፍኩላቸው። ፈርመው ቢሄዱ ኖሮ ምን ሊከተል እንደሚችል ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ፈተንኩ። «እርስዎ» ብሎ የጀመረ ደብዳቤ መሐል ላይ «አንተ» ይሆናል። ለወይዘሮ የተጻፈው በወንድ ጾታ ይጨርሳል። «ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.» ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ «ጁላይ 30፣ 2017» ሆኖ ወጣ፤ ትክክለኛው ኦገስት 6፣ 2025 ነው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የተባለው ቀጠሮም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለውን ስሕተት የፊደል ግድፈት ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ጽሑፉ ለዓይን ፍጹም ነውና።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ከነዚህ መሣሪያዎች ጀርባ ሆነው የሚጽፉት ፕሮግራሞች፣ ሞዴሎች የሚባሉት፣ የተማሩት በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ነው። በኮምፒውተር አሠራርም አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሞዴሎቹም ጽሑፋችንን ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ቆራርጠው ያነቡታል። ተመሳሳዩ አንቀጽ በአማርኛ ሲሆን ብዙ ያስከፍላል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። በየቢሮው ከዩኒኮድ፣ ማለትም የየቋንቋውን ፊደል ከሚያውቀው የዛሬው ኮድ፣ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ብዙ ፋይል መኖሩንም አትርሱ። ለእኛ «ሀ» ሆኖ የሚታየው ለማሽኑ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነው፤ እንዲያጠቃልል ብታዙት የሚያነበው ነገር የለውም።

ሁለተኛ፦ ያው ኖትፓድ፣ አገልግሎቱ ተዘግቶ

ዊንዶውስ 11 ካላችሁ የምመክራችሁ ይህንን ነው። በኖትፓድ ማስተካከያ ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን የሚዘጋ ቁልፍ አለ፤ ስትዘጉት ምልክቱም ከዓይን ይጠፋል። የሚቀራችሁ ብዙ ገጽ በአንድ መስኮት የሚከፍት፣ ሳታስቀምጡ የዘጋችሁትን ጽሑፍ መልሶ የሚያመጣ ንጹሕ መጻፊያ ነው። ይህ ሁሉ በነጻ።

በአሮጌ ኮምፒውተር የምትሠሩ ግን አንድ ጉድጓድ አለባችሁ። እስከ 2019 ድረስ ኖትፓድ ፋይል የሚያስቀምጠው አንሲ በሚባል አሮጌ ኮድ ነበር፤ ያ ኮድ ፊደላችንን አያውቅም። ማስጠንቀቂያውን በችኮላ «እሺ» ብሎ ያለፈ ሰው በማግሥቱ ሲከፍት የሚያገኘው ተርታ የጥያቄ ምልክት ነው፤ አይመለስም። ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መምረጥ ያድናል።

ሦስተኛ፦ ነጻዎቹ፣ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስና ሊብሬኦፊስ

ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በ2003 የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገሩ መብራት ነው። ላልተቀመጠ ጽሑፍ በየሰባት ሰከንዱ በራሱ መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል። ጦሳ ላይ ደመና ሲከማች መብራቱ መቼ እንደሚሄድ የማናውቅ ሰዎች ይህን ባሕርይ ከማንኛውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በላይ ልናከብረው ይገባል። ሠንጠረዥና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ግን አይሠራም፤ ለዚያ ሊብሬኦፊስ አለ። እሱም ነጻ ነው፣ የዎርድ ፋይል ይከፍታል። በራሱ የሚያስቀምጥበት ጊዜ ሲጫን በየአሥር ደቂቃው ነውና ወደ ሁለት ደቂቃ ዝቅ አድርጉት።

እንግሊዝኛ ማስተካከል ሲያስፈልግስ? ከነዚህ ጎን ስልካችሁ ላይ ያለው ቻትጂፒቲ የሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ነጻው ዓይነት፣ ይበቃል። አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ ፋብሪካ የእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ይዛ መጥታ በነጻው አስተካከልንላት፤ በእውነት የተዋጣለት ነበር። ገልብጦ መለጠፍ ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። የሚከፈልበት ኖትፓድ የሚያተርፍላችሁ ያንን ግማሽ ደቂቃ ነው።

አራተኛ፦ ጎግል ዶክስ

ይህም ለግል ተጠቃሚ በነጻ ይሠራል። ጄሚናይ የሚባለውን ረዳት በሙሉ ማግኘት የሚፈልግ በአሜሪካ ዋጋ በወር 20 ዶላር ገደማ ይከፍላል፤ ለእኛ ሥራ አይገባም። ውስጡ በነጻ ያለው አንድ ነገር ግን ወርቅ ነው፦ በድምፅ መጻፍ፣ በአማርኛ። በክሮም ከፍታችሁ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጋችሁ፣ ማይክሮፎኑን ስትጫኑ የተናገራችሁት ይጻፋል። ነጥብና አራት ነጥብ በእጅ ማስገባት ይፈልጋል፤ ሰውና ቦታ ስም ላይ ይሳሳታል። ቢሆንም እናት አቤቱታቸውን በራሳቸው አንደበት ተናግረው ሲጨርሱ ረቂቁ ወረቀት ላይ ሲወጣ ማየት ደስ ያሰኛል። እኔ እያሳጠርኩ በምጽፍበት ጊዜ የሚጠፋው የራሳቸው ቃል አይጠፋም።

ጉድለቱ ኢንተርኔት ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ድምፁ ይቆማል። ጥቅሙ ደግሞ ፋይሉ ከማሽኑ ውጭ መኖሩ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ኮምፒውተሮቼ ተዘርፈው ሲሄዱ የስንት ሰው ሰነድ አብሮ ሄዷል፤ የተረፈኝ ኢሜይል ላይ የላክሁት ብቻ ነበር።

ለማንኛቸውም ቢሆን አንድ ጥንቃቄ አለ። ወደ ኢንተርኔት የሚሄድ ጽሑፍ ከእጃችን ወጥቷል ማለት ነው። የፋይዳ ቁጥር፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ክርክር ይዞ የመጣ ደንበኛ ለእኔ ነው የሰጠኝ፤ ለሌላ አልሰጠም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ስሙንና ቁጥሩን አውጥታችሁ፣ ደንበኛውንም አስፈቅዳችሁ ብቻ ላኩ።

ማን የትኛውን ይያዝ?

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ፣ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ጎግል ዶክስና ነጻው ቻትጂፒቲ ይበቋችኋል። ኮድ የምትጽፉ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን ጨምሩ።

መክፈል የሚያዋጣው አንድ ሰው አለ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ከውጭ ገዢዎች ጋር በየቀኑ በእንግሊዝኛ የሚጻጻፍ የፋብሪካ ጸሐፊ። እሱ ግን ኖትፓድን ብሎ አይግዛ፤ ለዎርድና ለኤክሴል ብሎ፣ በድርጅቱ ስም፣ ለንግድ ሥራ የተፈቀደውን ዓይነት ያስገዛ። የኖትፓዱ አገልግሎት እዚያ ውስጥ እንደ ምርቃት ይቆጠር።

እንደ እኔ ያላችሁ የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች ደግሞ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ፈተና ሥሩ። ባለፈው ወር የጻፋችሁትን አንድ ውል ስሞቹን አውጥታችሁ በአንድ ወዳጅ አካውንት ላይ እንዲያጥር እዘዙት። ከዚያ አራቱን ወሰን፣ ቀኑን፣ የገንዘቡን መጠን በፊደልና በአኃዝ፣ የምስክሮቹን ቁጥር አንድ በአንድ አመሳክሩ። አንዱ ጎድሎ ካገኛችሁት ለማመሳከር የምታጠፉት ጊዜ በእጅ ከመጻፍ ይበልጣል።

የእኔ ቤት ዛሬ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስና ሊብሬኦፊስ፣ አዲሱ ላይ አገልግሎቱ የተዘጋ ኖትፓድና ለድምፅ ጎግል ዶክስ። ለደላላው ሳልሰጥ የቀረኝን የወር ክፍያ ሰብስቤ ለኮምፒውተሮቹ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ ልገዛ ነው።