ለባዝራችን ድንጉላ ለመረጡልን አማካሪ፣ ምስጋናና ጥቆማ

ሰጋር ፈረስ ለምታረቡ ወዳጆች፣ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። የዘር ሐረግ መርምረው ለባዝራችን ድንጉላ የመረጡልን የእርባታ አማካሪ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ውርንጭላዋ እናቷን እየተከተለች ከአሁኑ እንደ ጥሩ ሰጋር አራቱን እግሮቿን በየተራ ታሳርፋለች። ያየ ሁሉ አባቷን ይጠይቃል።

ባዝራችን ቴነሲ ዎኪንግ ከሚባለው የአሜሪካ ሰጋር ዝርያ ናት። አሰጋገሯ ደስ ቢልም ስትቸኩል የአንድ ጎን እግሮቿን አንድ ላይ ታነሳና ተቀማጩን ግራ ቀኝ ታወዛውዛለች። ለእሷ የታጩት ድንጉላዎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ስመ ጥር፣ ሌላው ብዙ የማይወራለት።

አማካሪው ወረቀቱን ሲያዩ ከዝነኞቹ ስሞች አልጀመሩም። በዚህ ዝርያ ወደ ኋላ የቆጠረ ሰው መጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1886 የተወለደው አለን ነው፤ ለሶምሶማ (የፊት ቀኝ ከኋላ ግራ፣ የፊት ግራ ከኋላ ቀኝ እግር ጋር ለሚነሳበት አካሄድ) ውድድር ታስቦ በአንድ ጎን እግር መሄድ ስላበዛ አይረባም የተባለው፣ ኋላ ግን የዝርያው አባት የሆነው ድንጉላ። ስለዚህ «የአለን ዘር ነው» ማለት አንዱን ፈረስ ከሌላው አይለይም አሉን። የጠየቁት የቅርቦቹን ነው፤ የድንጉላውን እናት፣ አያቶቹን፣ ከሁሉ በላይ ልጆቹን። ከአንዲት ጎበዝ ባዝራ የተገኘ አንድ ጎበዝ ልጅ ወደ እናቱ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከተለያዩ ባዝራዎች የተወለዱት ሁሉ ደህና ከሰገሩ ግን ምስጋናው ለአባትየው ነው።

ስመ ጥሩ ድንጉላና ባዝራችን በአባት አንድ ናቸው። ዘር ለማጥበቅ ብለው እንዲህ የሚያጋቡ አርቢዎች አሉ። እርሳቸው ግን የውርንጭላው የዝምድና መጠን (ከእናትም ከአባትም ያንኑ የጋራ አያት ዘር የመውረስ ዕድሉ) 12.5 በመቶ እንደሚሆን አስልተው አሳዩን፤ ደግሞም ያ ድንጉላ ራሱ በአንድ ጎን እግር መሄድ ያዘወትራል። ጉድለቱ በሁለቱም በኩል ካለ ልጅ ላይ ይበረታል ብለው አካሄዱ ወደ ሶምሶማ የሚያደላውን ሁለተኛውን መረጡ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሰጋገር ጋር ያለው ግንኙነት ይፋ የሆነውን የዲኤምአርቲ3 ጂን ምርመራ ላሠራ ስል «ተወው» አሉኝ። በዚህ ጂን ላይ ያለው ለአሰጋገር ወሳኝ የሆነው ለውጥ በቴነሲ ዎኪንግ ፈረሶች ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል፣ ከእናትም ከአባትም በተወረሱት በሁለቱም ቅጂዎች ስላለ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የአሰጋገሩን ጥራት ደግሞ አይነግርም። ከደንበኛ ተጨማሪ ገንዘብ ማስወጣት ቀላል በሆነበት ሥራ ይህን የሚል ስንት አለ?

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ስለ አሮጌዎቹ ፈረሶች ያነሱት ጥያቄ ነው። በሰጋር ዝርያዎች፣ በተለይ በፔሩ ፓሶ፣ የእግር ጅማት ቀስ በቀስ የሚያላላ በሽታ አለ፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ መሬት እየወረደ ይሄዳል። ምልክቱ ፈረሱ ብዙ ከወለደ በኋላ ሊመጣ ስለሚችል የወጣት ድንጉላ እግር ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ የሸመገሉ ዘመዶቹን የኋላ እግር ፎቶ ካላየሁ አላስጠቃም አሉ። ባለቤቱ እስኪልክ ጠበቅን።

መልስ በመስጠት ይዘገያሉ፤ ይህን ከአሁኑ እወቁት። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት የዘር ወረቀቱንና ባዝራችሁ ልጓም ላላ ተደርጎላት ስትሄድ ከጎን የተቀረጸ ቪዲዮ አዘጋጁ፤ ከባድ ጫማ የተመታላት ከሆነ ግን እንዳትልኩ፣ አያዩትም።